«እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ልቤ ግን የለበትም

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ባለትዳርና የ2 ልጆች እናት ነኝ። ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሰው ‹እንዴት ነሽ?› ሲለኝ አፌ ቀድሞ ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ይላል። በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው እንጃ፤ ከልቤ እንደማይወጣ የገባኝ ግን በቅርቡ ነው። ማታ ስጸልይ ‹ስላደረግህልኝ ሁሉ ተመስገን› ብዬ በአንድ ትንፋሽ አልፈውና ወደ ልመናዬ እሮጣለሁ። ልመናዬ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል።

እናቴ ካረፈች 10 ወር ሆናት። በየጠዋቱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ደውላ ‹አደርሽ ወይ ልጄ?› ትለኝ ነበር። አሁንም በዚያ ሰዓት እነቃለሁ፤ ስልኩ ግን ዝም ነው። ሊያጽናኑኝ የመጡ ሰዎች ‹አታልቅሺ፣ ይልቅ አመስግኚ፤ ቃሉ በሁሉ አመስግኑ ይላል› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ምስጋና ሲሰበክ ስሰማ ውስጤ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። አንዳንዴ ደግሞ የታመመ ወይም የተቸገረ ሰው አይቼ ‹እኔስ ደህና ነኝ፣ ተመስገን› እላለሁ፤ ወዲያው አፍራለሁ። ግብዝ ሆኜ ይሆን? ከልብ ማመስገንን መለማመድ የሚቻል ከሆነስ ከየት ልጀምር?»

መልስ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ያቺን «ግብዝ» የምትል ቃል ከራስሽ ላይ አውርጃት። ግብዝ ሰው ልቡ ሌላ ቦታ እያለ እዚህ ነኝ ብሎ ሌላውን ያሳምናል። አንቺ ግን ልቤ የለበትም ብለሽ፣ ተጨንቀሽ፣ እንቅልፍ አጥተሽ ጻፍሽልኝ። ውለታ ቢስ ሰው እንዲህ ያለ ጭንቀት አይይዘውም።

አፍሽ የለመደውንም ቃል አትጣይው። ስለ ራሳችን ስንጠየቅ መልሳችን የእግዚአብሔር ስም መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን ያወረሱን ሰዎች በከንቱ አላወረሱንም። ነገር ግን በዘመናት ብዛት ቃሉን ብዙ አሸከምነው። ሰላምታ እንመልስበታለን። መናገር የማንፈልገውን ነገር እንዘጋበታለን። «ምን ይደረግ፣ ተመስገን ነው» ስንል ተስፋ መቁረጣችንን እንሸፍንበታለን። «ተመስገን፣ የባሰ አታምጣ» ስንል ደግሞ ፍርሃታችንን እናወጣበታለን። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ለምስጋና የሚተርፈው ጉልበት ትንሽ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታላቅ ወንድሜን አስታምም ነበር። 2 ቀን ሙሉ ምንም መዋጥ አቅቶት፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ በእርጥብ ጥጥ እያራስሁለት ነበር የምናድረው። በሦስተኛው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ በሻይ ማንኪያ ግማሽ ያህል ውኃ አፉ ላይ አደረግሁለት። ውኃው ለአፍታ ከንፈሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ማንቁርቱ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ከፍ አለና ወረደ። ዋጠ። ዐይኑን ገለጥ አድርጎ አየኝና «ድገሚኝ» አለኝ። ማንኪያው እጄ ላይ እንዳለ «ተመስገን» አልሁ። ያን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ስለው ኖሬ፣ የራሴን ድምፅ እንደ አዲስ የሰማሁት ያን ሌሊት ነው።

ወንድሜ ከ11 ቀን በኋላ ዐረፈ። ከቀብሩ በኋላ ለብዙ ጊዜ ያቺ ምስጋናዬ ታስጨንቀኝ ነበር። ተሻለው ብዬ ነበር ያመሰገንሁት፤ ታዲያ አልተሻለውም። መልሼ ልውሰዳት? ልወስዳት አልቻልሁም። ያቺ ግማሽ ማንኪያ ውኃ በእውነት ተሰጥታ ነበር። ጥሙን ቆርጣለታለች። በኋላ የመጣው ሞት፣ ያን ሌሊት የተሰጠውን እንዳልተሰጠ ሊያደርገው አይችልም።

ከዚያ ወዲያ «ስለ ሁሉም ነገር ተመስገን» የሚለው የማታ ጸሎቴ ለምን ባዶ እንደሚሆንብኝ ገባኝ። «ሁሉም ነገር» ውስጥ አንድም ነገር አልነበረም። ማንኪያ የለም፣ ውኃ የለም፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የለም። ልቤ ሊይዘው የሚችል ነገር ሳልሰጠው «ተሰማህ» እለው ነበር። የአንቺም ልብ የደነደነ አይመስለኝም። የሚይዘው ነገር ያጣ ነው የሚመስለኝ።

መዝሙር 136ን (በግእዙ አቆጣጠር 135 ነው) አውጥተሽ ድምፅሽን አሰምተሽ አንብቢው። 26 ቁጥር አለው፤ በ26ቱም «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ይላል። ከአንቺ «እግዚአብሔር ይመስገን» ባልተናነሰ ይደጋገማል፤ ግን አይሰለችም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ «ምሕረቱ» የተንጠለጠለበት ነገር አለው። ፀሐይ በቀን፣ ጨረቃና ከዋክብት በሌሊት፣ ለሁለት የተከፈለ ባሕር፣ በምድረ በዳ የተመራ ሕዝብ። ወደ መጨረሻው ደግሞ፣ በቁጥር 25፣ ለሥጋ ለባሽ ሁሉ የሚሰጠው ምግብ። ባሕር የተከፈለበት ቀንና ዛሬ የበላነው እህል በአንድ ዜማ ይመሰገንባቸዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ቁጥር 25 ነው። መዝሙረኛው ከቀይ ባሕር በኋላ ስለ ምግብ ማመስገን ያነሰ ነገር መስሎት አልተወውም።

በግእዝ የሚጸለየው ጸሎተ አኮቴትም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ»፣ በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው ብሎ ይጀምርና በጎው ነገር ምን እንደ ሆነ አንድ በአንድ ይጠራዋል፤ ሸፈነን፣ ረዳን፣ ጠበቀን፣ ወደ እርሱ አቀረበን፣ ተቀበለን፣ አጸናን፤ «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት»፣ እስከዚህች ሰዓት አደረሰን። ይህን ጸሎት የምትጸልዪ ከሆነ «እስከ ዛቲ ሰዓት» ላይ ስትደርሺ ቆም በይ፣ ሰዓቱን እዪ። ከምሽቱ ሦስት ከሩብ ከሆነ፣ እስከ ምሽቱ ሦስት ከሩብ አድርሶሻል። ከጠዋት ጀምሮ በመንገዱ ምን ምን ነበረ?

አሁን ወደዚያ ግማሽ ሰዓት ልመናሽና አንድ ትንፋሽ ምስጋናሽ ልምጣ። በሉቃስ 17 የተጻፉትን 10 ለምጻሞች ታውቂያቸዋለሽ። ስለ ዘጠኙ ክፉ ስንናገር ኖረናል፤ እኔ ግን አሳዝነውኛል፣ ራሴን ስለማይባቸው። «ሂዱ፣ ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ» ተባሉ፣ ሄዱ። የታዘዙትን ነው ያደረጉት። ለዓመታት የተለዩአቸው ሚስትና ልጆች ይኖሩ ይሆናል፤ ቸኩለው ይሆናል። አንዱ ግን «እንደ ተፈወሰ ባየ ጊዜ» ተመለሰ ይላል። መንገድ ላይ ቆሞ ቆዳውን አየ። ምስጋናው ከማየት ጀመረ። ሌላም አለ፤ ሲለምኑ 10ሩም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር «ማረን» ያሉት። ሲመለስ ግን በታላቅ ድምፅ እግዚአብሔርን ያከበረው ያ አንዱ ሳምራዊ ብቻ ነው። በለመነበት ድምፅ አመሰገነ።

ባለፈው ዓመት በዚህ ሰሞን ምን ብለሽ ስትለምኚ እንደ ነበር ታስታውሻለሽ? እኔም አላስታውስም ነበር። ስለዚህ ደብተር ያዝሁ። በቀኝ በኩል ባለው ገጽ ልመናዬን ከነቀኑ እጽፋለሁ፤ የግራውን ባዶ እተወዋለሁ። ከወራት በኋላ ሳገላብጠው 7 ልመናዎች መልስ አግኝተው አየሁ። ከሰባቱ ስለ አንዱ ብቻ ነበር ያመሰገንሁት። አንደኛው ሌሊቱን ሙሉ ያለቀስሁበት ነበር፤ መልሱ ሲመጣ ግን ወደ ሌላ ጭንቀት አልፌ ነበርና ሳላየው ቀረ። የግራ ገጻቸው እስከ ዛሬ ባዶ የሆነም አሉ። እነርሱን አልሰርዛቸውም፤ አሁንም እለምናለሁ። አንቺም ልመናሽን አታሳጥሪው፤ ሐዋርያው በፊልጵስዩስ 4፥6 የሚለን ልመናችንን «ከምስጋና ጋር» እንድናስታውቅ ነው። ከእያንዳንዱ ልመና አጠገብ የትናንቱን መልስ አስቀምጪ።

ወደ እናትሽ ልመለስ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ የከበደው ይህ ነውና።

«አታልቅሺ፣ አመስግኚ» ያሉሽ ሰዎች በቅንነት ነው ያሉሽ፤ የሚሉት ጠፍቷቸው ይሆናል። ግን ልክ አልነበሩም። 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥18 «በሁሉ አመስግኑ» ይላል፤ በማንኛውም ሁኔታ ውስጥ እያላችሁ ማለት ነው። በሐዘን ውስጥ ሆኖ ማመስገንና ስለ ሐዘኑ ማመስገን ይለያያሉ። «ኤፌሶን 5፥20 ግን ስለ ሁሉ ይላል» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ይላል። ይህን የጻፈው ጳውሎስ ግን ባልንጀራው አፍሮዲጡ ለሞት ታምሞ በዳነ ጊዜ፣ በሐዘን ላይ ሐዘን እንዳይጨመርብኝ እግዚአብሔር ማረኝ ብሎ ጽፏል። ቢሞት ኖሮ ሐዘን ይሆንበት ነበር፤ ያን ሐዘንም አልደበቀውም። ሞትንም «የኋለኛው ጠላት» ብሎ የጠራው እርሱ ነው። ጠላት ብሎ የሰየመውን ነገር ስጦታ ነው ብለሽ ተቀበዪ ሊልሽ አይችልም። «ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ» ያለውም እርሱ ነው፤ አጽናኞችሽ ያን ቃል ቢያስታውሱት ምንኛ ጥሩ ነበር።

በለቅሶ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የኢዮብ ቃል አለ፤ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ፣ የእግዚአብሔር ስም የተባረከ ይሁን»። ማን እንደ ተናገረው ልብ በዪ። ልጆቹ የሞቱበት ሰው ራሱ ነው፣ ልብሱን ቀድዶ፣ ራሱን ተላጭቶ፣ በምድር ላይ ወድቆ ሳለ። ሊያጽናኑት የመጡት ወዳጆቹ አላሉትም፤ እነርሱ 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ከሠሩትም ሁሉ የሚያስመሰግናቸው ያ ዝምታ ብቻ ነው። ያ ቃል ከሐዘንተኛው አፍ ሲወጣ ምስጋና ነው። ሌላ ሰው ሲጭንበት ግን ሸክም ይሆናል። አንቺ ላይ ተጭኗል፤ ውስጥሽ የሚዘጋውም ለዚህ ይመስለኛል።

ጌታችንን በአልዓዛር መቃብር እዪው። በዮሐንስ 11፥35 አለቀሰ። በዚያው ምዕራፍ፣ በዚያው መቃብር አጠገብ፣ በቁጥር 41 ደግሞ «አባት ሆይ፣ ስለ ሰማኸኝ አመሰግንሃለሁ» አለ። እንባው ደርቆ እስኪያልቅ አልጠበቀም። ማርያምንና ማርታንም አመስግኑ አላላቸውም፤ ከእነርሱ ጋር አለቀሰ። አልፎ በተሰጠባት ሌሊትም እንጀራን አንሥቶ አመሰገነ። ቅዱስ ቁርባን በግሪኩ የሚጠራበት «ኤውካሪስቲያ» የሚለው ስም ምስጋና ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘውም ከዚያች ሌሊት ምስጋና ነው። እንግዲህ እያለቀሱ ማመስገን ይቻላል፤ እርሱ አድርጎታል።

እናትሽን ስለ ወሰደ ማመስገን ካቃተሽ አትዋሺው። ስለ እናትሽ ግን ማመስገን ትችያለሽ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ሳልል አላልፍም። 10 ወር ሙሉ እንቅልፍ የማይወስድሽ፣ ምግብ የማይበላልሽ፣ ልጆችሽንም ስታዪ ምንም የማይሰማሽ ከሆነ፣ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ። እርሱ ምስጋና ቢስነት አይደለም፤ ሰውነት ሐዘን ሲከብደው እንዲህ ይሆናል። ጸሎትሽንም ለዚያ ብለሽ አታቁሚ።

ስለ ታመሙትና ስለ ተቸገሩት የጻፍሽው ሐፍረትሽ ደስ አሰኝቶኛል። ደህና ሐፍረት ነው፣ አትግፊው። በሉቃስ 18 የተጻፈው ፈሪሳዊም «እንደ ሌሎች ሰዎች ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ» ብሎ ነበር የጀመረው፤ አፉ ላይ ምስጋና ነበረ፣ ያጸደቀው ግን አልነበረም። «የባሰ አታምጣ»ም ጸሎት ነው፣ ፍርሃትን ለአምላክ መናገር ክፋት የለውም፤ ምስጋና ብለን ግን አንጥራው። እኔ ራሴን የምጠይቀው አንዲት ጥያቄ አለች፤ ይህን ምስጋናዬን ያ ሰው አጠገቤ ቆሞ ቢሰማው ይጎዳ ይሆን? የሚጎዳው ከሆነ እተወዋለሁና «ጌታ ሆይ ማረው» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀጥሎ ላደርግለት የምችለው ነገር ትዝ ይለኛል።

ቤትሽ ውስጥ ላሉት ሰዎችስ ታመሰግኛለሽ? ስለ ባልሽ በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ «ባለትዳር» የሚል። ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። ግን እግዚአብሔር ካደረገልን ነገር አብዛኛው የደረሰን በሰው እጅ ነው፤ ያን እጅ ሳናይ አልፈን ሰማዩን ብናመሰግን ግማሹ ይቀራል። ጳውሎስ በሮሜ 16 ጵርስቅላንና አቂላን በስማቸው ጠርቶ፣ ስለ እኔ ነፍሳቸውን ለሞት አቀረቡ፣ የማመሰግናቸውም እኔ ብቻ አይደለሁም ይላል። ምን እንዳደረጉለት ተናገረ። አንቺም ለባልሽ «ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ» አትበይው። «ትናንት ሌሊት ትንሹ ሲያለቅስ አንተ ስለ ተነሣህልኝ አመሰግናለሁ» በይው። ልጆችሽንም ሲተኙ «ዛሬ እግዚአብሔር ምን አደረገልን?» ብለሽ ጠይቂያቸው፤ «ኳሴን አገኘሁት» ቢሉሽ አሜን በዪ። አታርሚያቸው።

ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲልሽ ደግሞ የለመድሽውን መልሺ፤ ከዚያ ግን አንዲት ነገር ጨምሪበት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ልጄ ብቻዋን አነበበች»። በየጊዜው ለሁሉም ሰው አትችዪም፤ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። አንዳንዱ ቀን ጨርሶ አይመጣልሽም፤ ያን ጊዜ የተለመደውን ብቻ በዪና እለፊ። ስሜቱ እስኪመጣ ግን አትጠብቂ። ዳንኤል የሞት አዋጅ እንደ ተጻፈበት ባወቀ ጊዜ ወደ ቤቱ ገብቶ በቀን 3 ጊዜ ተንበርክኮ ጸለየ፣ አመሰገነም፤ «ቀድሞ ያደርግ እንደ ነበረ» ይላል። ያን ቀን ደስ ብሎት ነበር ብዬ አላስብም። ጉልበቱ ግን መንገዱን ያውቀው ነበር።

ከየት ልጀምር ላልሽኝ፣ ከስልኩ ጀምሪ። ለማንኛውም በዚያ ሰዓት ትነቂያለሽ። አልጋሽ ላይ ቁጭ በዪና ከእናትሽ ጥሪዎች አንዱን ብቻ አስቢ። ሁሉንም አይደለም፣ አንዱን። የትኛው ቀን ነበር? «አደርሽ ወይ» ካለችሽ በኋላ ምን አወራችሁ? ልጅሽ አተኩሶ ያደረ ቀን ነበር? የሳቃችሁበት ቀን ነበር? ያን ለእግዚአብሔር ንገሪው፤ «ያን ጠዋት ፈርቼ ሳለ ‹መጣሁ› ያለችኝን እናት የሰጠኸኝ አንተ ነህ፣ ተመስገን» በዪ። ናፍቃኛለች በዪው፤ እርሱንም ይስማ። እንባ ከቀደመሽ አልቅሺ፤ ያን ቀን ጸሎትሽ እርሱ ይሁን፣ ነገም በዚያው ሰዓት ትነቂያለሽ። በማግሥቱ ሌላ ጥሪ አስቢ። በየጠዋቱ ትደውልልሽ ከነበረ ቶሎ አያልቁብሽም።

አንድ ወር ያህል ካደረግሽው በኋላ ጻፊልኝ። ከጥሪዎቿም አንዱን ብትነግሪኝ ልሰማው እወዳለሁ።